ንጉሥ በጦር፣ ፕሬዚዳንት በምክር ቤት፤ የስሜን መራጭ ክርክር

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ ስሜን ውስጥ፣ ደራስጌ ላይ፣ በጦር ሜዳ ተፈታ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግሬን ለብዙ ዓመታት ሲገዙ ቆይተው፣ ዘውድ እጭንበታለሁ ብለው የደራስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ካሳ ኃይሉ መጡና ድል አደረጓቸው። በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ያሠራው ታሰረ፣ ያላሠራው ነገሠበት። የጃናሞራና የወገራ ገበሬ ከዚህ ነገር የነበረው ድርሻ ስንቅ ማዋጣት፣ ልጁን ማዝመትና ማን እንዳሸነፈ መስማት ነው። ሐሳብ ግን ነበረው። በአዝማሪ ግጥም፣ በሙሾና በቅኔ ያወጣው ነበር፤ ሰሙን ለዳኛ፣ ወርቁን ለሚያውቅ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ሁሉ ከዳባት እስከ ድብ ባሕር ያለው ሰው ሲከራከር የኖረው ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ነው። የተለዋወጡት መንግሥታት በየተራ የሰጡት የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን ይህን ጥያቄ አንድም ጊዜ አልጠየቀውም። የስሜንን የምርጫ ታሪክ የምተርከው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። ወደ ሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሚላኩትን ሰዎች፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ደነገገ። ሕዝቡ የሚበቃበት ቀን አልተቆረጠም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጣልያን ገባ፤ ከደባርቅ ቁልቁል የሊማሊሞን ገደል ቆርጦ መንገድ አወጣ። ከነጻነት በኋላ ሹምም፣ ወሬም፣ ኋላም የምርጫ ሣጥን ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የወረደው በዚያ መንገድ ነው።

የሕዝቡ መብቃት የታወጀው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቀደ። አገሩ 200,000 ያህል ሕዝብ በያዙ ወረዳዎች ተከፍሎ ከየወረዳው ሁለት እንደራሴ እንዲመረጥ ተደነገገ። የሚመረጠው ሰው በዚያው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ጭሰኛና ድኻ አርሶ አደር መምረጥ እንጂ መመረጥ አይችልም ማለት ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

በጌምድርና ስሜን ያኔ አንድ ጠቅላይ ግዛት ነው፤ ዳባት የወገራ አውራጃ፣ ደባርቅ የስሜን አውራጃ መቀመጫዎች ነበሩ። ፓርቲ በሌለበት ምርጫ መራጩ የሚመዝነው ሰውየውን ነው። የማን ልጅ ነው? ርስቱ የት ይደርሳል? ደም የተቃቡትን ማን አስታረቀ? ጎንደር ወርዶ ከጠቅላይ ገዢው ፊት ቆሞ ይናገራል ወይስ እጅ ነስቶ ይመለሳል? ይህ ክርክር ዋጋ አልነበረውም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የሰንበቴ ማኅበርተኛ ዕጩውን ከነአያቱ ያውቀዋል፤ ያን የመሰለ ዕውቀት ከዚያ በኋላ በመጡት ምርጫዎች አልተገኘም። ጉድለቱ ሌላ ነበር። ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውንም የማይገሰስ ብሎታልና ያ ሁሉ ምዘና ከእንደራሴው በላይ አይወጣም። ስለ ጃንሆይ የሚወራው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ቢሆንም ፓርላማው የሚያወጣው ሕግ ጎጆ ድረስ እንደሚመጣ ለማየት ብዙ አልቆየም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎረቤት ጎጃምን ለአመፅ አነሣ። ርስት ባለበት በጎንደር አገርም ቀላድ ይጣላል፣ መሬት ይለካል የሚለው ወሬ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ ብቻ ተደረገ፤ በ1961 እና በ1965። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፣ ፓርላማውም ተበተነ።

ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ መሬቱን ለገበሬ ማኅበር ሰጠ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሜዳ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ይመረጥ ጀመር። እጅ ማውጣት ለዓይን የሚታይ ምርጫ ነው። ማን እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ ሰብሳቢው ያያል። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ሊታፈስ የሚችል አባት እጁን እንዴት እንደሚያወጣ መገመት አያስቸግርም።

በ1978 ማብቂያ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በመላ አገሪቱ ለውይይት ቀረበ። በ15 ቋንቋዎች ታትሞ፣ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር አዳራሾች ተነበበ። ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረው አንቀጽ ጋብቻን የሚመለከተው ሆነ፤ ረቂቁ ከአንድ በላይ ማግባትን ስለሚከለክል በተለይ በሙስሊሞች ዘንድ ጠንካራ ተቃውሞ ገጠመው። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ግን አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበር። ሰው ስለሚያገባው ነገር እንዲናገር ሲፈቀድለት ይናገራል፤ የሚያስፈራውን ደግሞ ይዘለዋል። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 81 በመቶው ደገፈ ተባለ። 18 በመቶ ያህሉ ተቃውሟል መባሉ ራሱ ያኔ የሚያስገርም ነገር ነበር። በሰኔ ወር የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ በየወረዳው ሦስት ዕጩ ቀረበ፤ ዕጩዎቹን ያቀረቡት ብቸኛው ፓርቲ ኢሠፓና በሥሩ ያሉት ማኅበራት ነበሩ። 835 አባላት ያሉት ሸንጎ በጳጉሜን ተሰብስቦ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ምርጫ ይህ ነው። ተፎካካሪ አልነበረም። ሥልጣናቸው ከተመረጡ በኋላ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ።

ከደርግ በኋላ ሥልጣን የያዘው ኢሕአዴግ ይዞት የመጣው ሕገ መንግሥት በኅዳር 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠቁሞ፣ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣል፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። አስፈጻሚው ሥልጣን ያለው ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው፤ እሱንም የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። መራጩ የሚመርጠው የወረዳውን ተወካይ ብቻ ሆነ። ነሐሴ 16 ቀን 1987 ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ መስከረም 28 ቀን 1994 ደግሞ አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አቶ ግርማ በጃንሆይ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። አሮጌው ፓርላማ ለአዲሱ ሪፐብሊክ ካወረሰው ነገር ትልቁ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

የ1987 እና የ1992 ምርጫዎች በሰሜን ጎንደር ገጠር ብዙ ወሬ ሳይጥሉ አለፉ። በመካከላቸው ግን አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተደርጎ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ያገለገሉት «ቢሮክራት»፣ የቀድሞ ባለ ርስቶች ደግሞ «ቀሪ ፊውዳል» እየተባሉ መሬታቸው ተቀነሰ። ከጎጃም ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። በዚያ ድልድል ያገኘና ያጣ በአንድ ደብር የሚያስቀድስ፣ በአንድ ዕድር የሚቀብር ሰው ነው። በ1997 ገጠሩ ለምን እንደዚያ እንደተናገረ ለማወቅ የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

1997 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዘመን ነው። በቀደሙት ምርጫዎች ያልታየ ነገር ታየ፤ የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚ መሪዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተከራከሩ። ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ኤርትራ ድንበር። ሚኒስትር ሲጠየቅ፣ ሲመልስ፣ አንዳንዴም መልስ ሲያጥረው አገር ሰማ። መብራት ባልገባባቸው የስሜን መንደሮች ክርክሩ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ነው የተደመጠው፤ ማታ ማታም የጀርመን ድምፅና የአሜሪካ ድምፅ ይከፈታሉ። በማግስቱ ገበያ ላይ፣ ጠላ ቤት፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር ነገሩ እንደገና ይጀመራል። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ዝቅ ተደርጎ ሲነገር የኖረው ነገር ድምፁን ያገኘው ያኔ ነው።

መሬት ዋናው ነበር። ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆይ፣ ይሸጥ ከተባለ ገበሬው በክፉ ቀን ሸጦት ከተማ ይፈልሳል ይላል። ዋናው ተቃዋሚ ቅንጅት ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን ይላል። ይህ ክርክር አዲስ አበባ ውስጥ የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ ወገራ ላይ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በ1989 መሬት የደረሰው ወጣት «ባለቤት ይሁን» ሲባል የቀድሞው ባለ ርስት ሊነቅለኝ ነው ብሎ ይሰጋል፤ የተወሰደበት ሽማግሌ ደግሞ የአያቶቼ አጥንት ያለበት መሬት ሊመለስልኝ ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱም ከአንድ ሬዲዮ የሰሙት ነው። መሬት የሌለው ሦስተኛ ወንድም ከሁለቱም የተለየ ሐሳብ አለው። የማዳበሪያ ዕዳ ሌላው ነገር ነበር፤ ሰብል ሳይያዝ ሲቀር ዕዳው አይቀርም፣ በሬ ያሸጣል፤ ዕዳ የሚሰበስበው የቀበሌ ሹም ደግሞ የገዢው ፓርቲ ሰው ነው። ወልቃይትና ጠለምት ቀድሞ የበጌምድርና ስሜን አካል ሆነው ሳለ በአዲሱ አከላለል ወደ ትግራይ መካለላቸው፣ በጋብቻና በገበያ ከነሱ ጋር ለተሳሰረው ለሊማሊሞ ግርጌ ሰው የየዕለት ቁስል ነበር። የአሰብ ወደብም ይነሣል፤ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ልጁን ባድመ ላይ የቀበረ ሰው ያነሣዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የወረዳው ዕጩ ስም የሚጠራው በመጨረሻ ነው። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነው፤ የቅንጅት ሁለት የተቀሰሩ ጣቶች። ብዙ መራጭ የሚመርጠውን ዕጩ በመልክ አያውቀውም፤ ምልክቱን ግን ያውቃል፤ ከምልክቱ ጀርባም ጠቅላይ ሚኒስትሩን መለስ ዜናዊን ወይም የቅንጅቱን መሪ ኃይሉ ሻውልን ያያል። በጃንሆይ ዘመን ሰውየውን ከነዘር ማንዘሩ ያውቅ የነበረው መራጭ በ1997 ሰውየውን ትቶ መንግሥትን መረጠ። የወረቀቱ ጥያቄ «የደባርቅ ተወካይ ማን ይሁን» የሚል ነው፤ የመራጩ መልስ «አራት ኪሎ ማን ይግባ» የሚል። እኔ ይህን እንደ ስሕተት አላየውም። ሕገ መንግሥቱ ከነፈገው ጥያቄ ላይ ሕዝቡ በራሱ ብልሃት መድረሱ ነው።

ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ተቃዋሚዎች መስቀል አደባባይ ላይ ሰልፍ አደረጉ፤ የሁለተኛው ቀን ሕዝብ ብዛት ገጠር ድረስ ተወራ። ግንቦት 7 እሑድ ነበር። ሰው ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ተሰለፈ፤ ብዙ ቦታ ሰልፉ እስከ ሌሊት ቆየ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ጂሚ ካርተርም በታዛቢነት መጥተው አይተውታል። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ወሰደ። በአማራ ክልልም፣ የገዢው ፓርቲ ዋና መሠረት ነው በተባለው ገጠር ሳይቀር፣ ብዙ መቀመጫ ወሰደ።

በዚያው ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ የሆነው ነገር ከዚህ ትረካ መቅረት የለበትም። በፓርላማ የተመረጡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ በግል ተወዳድረው፣ በትውልድ አገራቸው መራጭ ፊት ቆመው፣ አሸነፉ። በመወዳደራቸው የቀድሞ ፕሬዚዳንትነት ጥቅማ ጥቅማቸውን አጥተዋል። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ድምፅ ስጡኝ ብሎ ገበሬ ደጅ የቆመ ሌላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የለም። ለኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከፖለቲካቸው ጋር የተያያዘ አይደለም።

የዚያው የግንቦት 7 ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን አስታወቁ። ሰኔ 1 አዲስ አበባ ውስጥ ለተቃውሞ በወጡት ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ በጥቅምት 1998 እንደገና። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የደረሰባቸው የሲቪል ሟቾች 193 ናቸው። በይፋዊው ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ኅብረት 52 አገኙ። የቅንጅት መሪዎች፣ ከነሱም ውስጥ ዳኛ የነበረችው ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። እሷ በ2001 ተመልሳ ገባች።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ የሚተረክ ክርክር አልነበረምና። መንግሥት የ1997ን ትምህርት በራሱ መንገድ ተማረ። የቀበሌ ምክር ቤቶች በብዙ እጥፍ ሰፉ፤ የፓርቲው አባላት ወደ ሚሊዮኖች አደጉ፤ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ጎረቤትን የጎረቤት ጠባቂ አደረገው። ማዳበሪያም፣ ሴፍቲኔትም፣ የልጅ ሥራም በአንድ በር የሚገባ ሆነ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫ፣ በ2007 ሁሉንም 547 ያዙ። ሬዲዮ የሚያዳምጡት ሰዎች አልሞቱም፤ በገበያ መሐል መናገር ተዉ እንጂ። ያ ዝምታ ስምምነት ተደርጎ በመቆጠሩ አገሪቱ ዛሬም ዋጋ እየከፈለች ነው ብዬ አምናለሁ። በሐምሌ 2008 ጎንደር ላይ ተቃውሞ ሲፈነዳ፣ የምርጫ ሣጥን ያላስተናገደው ጥያቄ ጎዳና ወጣ።

በ2010 መንግሥት ተለወጠ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በቀጣዩ ወር ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ተደረገች። በምርጫ ምክንያት የታሰረች ሴት ምርጫውን እንድትመራ ስትሾም ያየ ሰው ተስፋ ማድረጉ አያስፈርድበትም። በዚያው ሰሞን የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ተከፍሎ ደባርቅ የአዲሱ ዞን ዋና ከተማ ሆና ነበር።

በዚህ መሐል ፕሬዚዳንትን በስሙ የሚመርጡ የጎንደር ልጆች ውጭ አገር ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሰፈረው ኢትዮጵያዊ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ዴሞክራት ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዶናልድ ትራምፕ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች የሚል ነገር ሲናገሩ፣ በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክርክሩ ተለኮሰ፤ ትራምፕ ወይስ ባይደን? አንዱ ልጆቻችን የሚያድጉት እዚህ ነው ይላል፤ ሌላው እናቴ ያለችው ዓባይ ዳር ነው ይላል። ምርጫው የዋለው ጥቅምት 24 ነው። ትግራይ ውስጥ የነበረው የመከላከያ ሠራዊቱ የሰሜን ዕዝ የተጠቃው በዚያው ሌሊት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ድምፅ ሲቆጠር፣ ከተከዜ ማዶ ጦርነት ተጀመረ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2014 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ፣ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ ሰውየውም በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ስሜን ያለችው እናት ስለ አገሯ መሪ የሌላት ድምፅ፣ ልጇ ስለ ሰው አገር መሪ አለው።

አገር ቤት ምርጫው በኮሮና ምክንያት ከተራዘመ በኋላ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ዕለት ተደረገ። ትግራይ አልመረጠም። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። በአማራ ክልል የገዢውን የብልጽግና ፓርቲ ምልክት አምፖልን፣ ተቃዋሚዎቹን አብንንና ኢዜማን ይዞ ክርክሩ ተመልሶ ነበር፤ የ1997 ያህል ግን አልጋለም። ብዙው ሰው ጦርነት በር ላይ ቆሞ ሳለ መንግሥት መቀየር ያሰጋዋል፤ ሌላው ደግሞ ለወልቃይት ማን ይቆማል በሚለው ብቻ መዘነ። ወረፋው ስለረዘመ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የትግራይ ኃይሎች ተከዜን ተሻግረው መጡ። ከአዲ አርቃይ፣ ከዛሪማና ከሊማሊሞ ሥር ካሉ መንደሮች ሰው እየተፈናቀለ ደባርቅ ገባ፤ በሰኔ ድምፅ የሰጡ ሰዎች በነሐሴ በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተኙ። በነሐሴ 2013 መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ከመቶ በላይ ሲቪሎች ተገደሉ። መስከረም 24 ቀን 2014 በሰኔው ድምፅ የተመረጠው ፓርላማ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ሲሾም፣ የጭና ሰው ሐዘን ላይ ነበር።

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች ተሰብስበው አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ምርጫው በአንድ ስብሰባ ተጀምሮ አለቀ። ከዚያ በፊት በየትኛውም ገበያ፣ በየትኛውም ጠላ ቤት፣ እሳቸው ይሻላሉ ወይስ ሌላ ብሎ የተከራከረ መራጭ አልነበረም፤ ስማቸው ዕጩ ሆኖ የተሰማው በዚያው ዕለት ነውና። ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። በመካከሉ የሚመጣው የሕዝብ ድምፅ መስጫ ወረቀት እንደ ቀድሞው የደባርቅንና የዳባትን ተወካይ የሚጠይቅ ነው፤ መራጩም እንደ ቀድሞው ለዕጩው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አዲስ አበባ ስትገባ እጅህን የምታወጣው ለማን ነው የሚል ነው።